የሊቀ ባሩድ ዳኘው ጆሮ

በጎጃም ምድር ጠመንጃ የሌለው ሰው ሞልቷል፤ ስለ ጠመንጃ አስተያየት የሌለው ሰው ግን ገና አልተወለደም። ዲያቆኑ አስተያየት አለው። የክሊኒኩ ነርስ አስተያየት አላት። በዕድሜው ከማጭድ በቀር ሌላ ብረት ያልጨበጠ ሰው እንኳ ሁለት ጣሳ ጠላ ከጠጣ በኋላ «ለድኩላ እንኳ የሚሻለው...» ብሎ ይጀምራል። በየለቅሶው፣ በየሠርጉ፣ በየጠላ ቤቱ እንዲህ ያለ ሰው አንድ አይጠፋም፤ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ምናልባት አሁን አጠገባችሁ ተቀምጦ ይሆናል። እኔ ግን የዚህን ሁሉ ሕዝብ አለቃ በዓይኔ አይቻለሁና የማንንም አልሰማም።

ሊቀ ባሩድ፣ መምህረ ቃታ፣ ክቡር አቶ ዳኘው ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ነን፤ እሳቸውም አንድ ጊዜ እንኳ ሳይግደረደሩ ተቀበሉት። ባሕር ዳር ውስጥ ከምንሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ብሎን ሊወስድ የሄደ ሰው ብሎኑን የሚያገኘው ስለ ምንሽር ግማሽ ሰዓት ከተማረ በኋላ ነው። ማሽኑ ቆሞ ይጠብቃል፣ አለቃው ይጮኻል፣ አያ ዳኘው ግን ምዕራፉን ሳይጨርሱ መሳቢያ አይከፍቱም።

የራሳቸው ጠመንጃ አልነበራቸውም። የአባታቸው ምንሽር በውርስ ለታላቅ ወንድማቸው ደረሰ፤ ለእሳቸው አስተያየቱ ደረሳቸው። በልጅነታቸው ደቅ ደሴት ላይ ጥቂት ዓመት የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ትምህርቱን ቢያቋርጡትም የትርጓሜው ለዛ ከአፋቸው አልወጣም። ስለዚህ መሣሪያ ሲያብራሩ እንደ መጽሐፍ መምህር በአንድምታ ነው።

«ቤልጅግ፤ አምስት ጎራሽ» ይላሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው። «ስለ ምን አምስት ጥይት ትጎርሳለች? ቢሉ፤ አዳኝ በአንዷ ይገድላል፣ በሁለተኛዋ ያረጋግጣል፣ በሦስተኛዋ ጅብ ያባርራል፣ አራተኛዋ ለሠርግ ናት፣ አምስተኛዋ ለቁም ነገር ትቀመጣለች። አንድም፤ የእጅ ጣት አምስት ነውና፣ አዳኝ በሞቅታ ቁጥር እንዳይጠፋበት ነው።»

የጥይት ውፍረት ነገር ከተነሣማ ጠላው ይረሳል። በእሳቸው ሃይማኖት ቀጭን ጥይት ጨዋ እንግዳ ናት። «ትገባለች፣ እጅ ትነሣለች፣ በወዲያኛው በር ትወጣለች። ድኩላው መምጣቷንም ሳያውቅ ሁለት ወንዝ ይሻገራል። ወፍራም ጥይት ግን ባለጌ እንግዳ ናት፤ ከገባች መውጣት የለም፤ እዚያው ተዘርፍጣ ትቀመጣለች።» ስለዚህ ቀጭኗ የጣሊያን ምንሽር ለሚዳቋ፣ ቤልጅግ ለድኩላና ለከርከሮ ተመደበች። አንዱ የሐረር ልጅ፣ አዲስ የመጣ መካኒክ፣ ሳያውቅ «ውጅግራስ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ውጅግራ አያት ናት፤ አያት አይሰደብም» አሉት። «አንድ ጎራሽ ናት፤ እርሳሷ አውራ ጣት ያህላል፤ ጉማሬም ቢሆን ከጆሮው ሥር ካገኘችው ትጥለዋለች። ችግሯ ጭሷ ነው። አውሬው ይሙት አይሙት የሚታወቀው ነፋስ ሲነፍስ ነው።»

የአሜሪካኑን ስምንት ጎራሽ፣ ኤም ዋንን፣ ይንቁታል። «ስምንት ጥይት የተሰጠው ሰው ሰባቱን እንዲስት ተፈቅዶለታል ማለት ነው» ይላሉ። ስለ ክላሽ የሚናገሩት ግን ግራ ቀኝ አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፤ ዘመኑ ደርግ ነው፣ ክላሽ የሚይዘው ደግሞ ማን እንደሆነ ይታወቃል። «ጠመንጃ ነው እሱ?» ይላሉ በሹክሹክታ። «የልብስ ስፌት መኪና ነው እንጂ!»

በግምጃ ቤቱ የውፍረት መለኪያ፣ በካሊፐሩ፣ የማይለኩት ነገር አልነበረም። አንድ ቀን እስክሪብቶዬን ከኪሴ መዝዘው ለኩና «ስምንት ሚሊ ነው፤ ለከርከሮ ይበቃል» ብለው መለሱልኝ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ደግሞ «የእኔ ሰውዬ ድስት ከእጄ ወድቆ ሲሰበር እንኳ ‹ተቃጠልሽ ወይ› አይለኝም፤ የየት አገር ሥሪት እንደሆነ ነው የሚነግረኝ» ይላሉ።

ማን ይሙት፣ ጆሯቸው ግን ጆሮ ነበር። የተተኮሰው ምን እንደሆነ ሳያዩ በድምፁ ብቻ ይለዩታል። ዘዴያቸውም የቤተ ክርስቲያን ነው፤ የመጀመሪያው ተኩስ ሲሰማ «አቡነ ዘበሰማያት» ብለው ይጀምሩና ሁለተኛው የት ቃል ላይ እንደ ደረሰባቸው ያያሉ። ኤም ዋን ከሆነ «አቡነ» ብሎ ለመጨረስም ጊዜ አይሰጥም። ቤልጅግ በለመደ እጅ «ይትቀደስ ስምከ» ላይ ትደገማለች፤ በየጥይቱ መቀባበል አለባትና። ውጅግራ እየተከፈተች አንድ በአንድ ስለምትጎርስ እስከ «ከማሁ በምድር» ታስደርሳለች። የአንድ ትልቅ ሰው ቀብር ላይ፣ ተኩስ ገና ሳይከለከል፣ ለሟች ልጅ ጠጋ ብለው «አይዞህ፣ አባትህን በለበን፣ በብርቋ የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው የሸኟቸው» ሲሉት ልጁ እንባውን ጠርጎ ቀና ሲል አይቻለሁ። ከዚያ የበለጠ ያጽናናው አልነበረም።

ሊቅ ባለበት ተከራካሪ አይጠፋም። የእሳቸው ተከራካሪ ሃምሳ አለቃ ቢያዝን ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በውትድርና ጨርሰው የፋብሪካችን በር ጠባቂ የሆኑ። ሃምሳ አለቃ የኤም ዋን ወገን ናቸው። በወይዘሮ አደይ ጠላ ቤት አሥር ዓመት ሙሉ ከአያ ዳኘው ጋር ሲከራከሩ አሥር ዓመት ሙሉ ተረቱ። «ግድ የለም» ይሉ ነበር ጣሳቸውን እያስቀመጡ፤ «አንድ ቀን ትሳሳታለህ። ያን ቀን ሳላይ አልሞትም።» አያ ዳኘውም «እንግዲያስ ዕድሜህ ረጅም ነው» ብለው ይመልሱላቸዋል።

ያ ቀን የመጣው በሰባ ዓመተ ምሕረት በመስከረም ነው።

የጠዋት ፈረቃ ስለ ነበርን እኔና አያ ዳኘው ሰማዩ ገርጣ ሲል በሐይቁ ዳር በሚወስደው መንገድ እየሄድን ነበር። መስከረም ጉማሬ ከውኃ እየወጣ እሸት በቆሎ የሚያወድምበት ወር ነው። በዚያ ዓመት የተመረጠችው ማሳ የወይዘሮ የብርጓል ነበረች፤ ባለቤታቸው አቶ አዘዘ ከሞቱ ወዲህ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉት በዚያች በቆሎ ነው። ሁለት ጊዜ ለቀበሌ አመልክተዋል። ሁለት ጊዜም «ማመልከቻዎ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ተብለዋል። ጉማሬው ግን የሚመለከተው ክፍል እስኪመጣ አልጠበቀም።

ድው! አለ በማሳዎቹ በኩል።

አያ ዳኘው ባሉበት ቆሙ። ሌባ ጣታቸው ወደ ላይ ተነሣ፤ ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። «አቡነ ዘበሰማያት... ይትቀደስ ስምከ... ትምጻእ መንግሥትከ...»

ድው!

«ቤልጅግ!» አሉ። ፊታቸው እንደ ሙሽራ በራ። «ቤልጅግ ናት! ተኳሹ ግን ማቀባበል አልለመደም፤ አየህ፣ አንድ ቃል አሳለፈ። መጀመሪያዋ ትከሻውን መትታዋለች፤ ሁለተኛዋን ፈርቶ ነው የለቀቃት፣ ወደ ሰማይ ሄደች። ወንድ እጅ አይመስለኝም፤ የሴት...»

አፋቸው እንደ ተከፈተ ቀረ። እኔም ገባኝ። በቀበሌያችን ሦስት ቤልጅግ ብቻ ነበሩ። ሁለቱ ተመዝግበው፣ ተሰብስበው፣ በቀበሌው ግምጃ ቤት ተቆልፎባቸዋል። ሦስተኛዋ የሟቹ የአቶ አዘዘ ናት። ምዝገባው የመጣ ጊዜ ወይዘሮ የብርጓል «ለተዝካሩ ሸጥኋት» ብለው በቅዱስ ጊዮርጊስ ምለዋል።

«ምንም አልሰማህም» አሉኝ አያ ዳኘው።

«ምንም አልሰማሁም» አልሁ። እስከ ፋብሪካው በር ድረስ አልተነጋገርንም፤ ከእሳቸው ጋር ዝም ብዬ ስሄድ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ከሥራ ስንወጣ የቀበሌው አዳራሽ ተጠራን። ያልተመዘገበ መሣሪያ በዚያ ዘመን ቀልድ አይደለም። የተገኘበት ሰው መጀመሪያ ፀረ አብዮት ይባላል፣ ከዚያ ይወሰዳል፤ የሚመለሰው እንደ ዕድሉ ነው። ሊቀ መንበሩ ጓድ ሣህሉ የሚባል ወጣት ነበር፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ድኩላን ከፍየል የማይለይ፣ ግን ብልህ ልጅ። ጠረጴዛው ላይ ትልቅ መዝገብ ዘርግቷል።

«ጓዶች!» አለ። «ዛሬ ንጋት ላይ ሁለት ጥይት ተተኩሷል። ከአብዮቱ በፊት ማን ምን መሣሪያ እንደ ነበረው እዚህ ተጽፏል። የጠመንጃው ዓይነት ከታወቀ ባለቤቱ በአምስት ደቂቃ ይገኛል። የጠመንጃ ድምፅ ደግሞ ከጓድ ዳኘው የበለጠ የሚለይ በዚህ ከተማ እንደሌለ ሁላችሁም ትመሰክራላችሁ። ጓድ ዳኘው፣ ይነሡ!»

አዳራሹ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መንግሥት አንድ ቀን እንዲጠይቃቸው ሲጠብቁ የኖሩትን ጥያቄ ነው የተጠየቁት። ወይዘሮ የብርጓል ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠዋል፤ በዚያ ሁሉ ሙቀት ቀኝ ትከሻቸውን በጋቢ ጠቅልለው። አያ ዳኘው አልሰማሁም እንዳይሉ፣ ማን ያምናቸዋል? በከተማው ጣሳ ሲወድቅ የሚሰሙ ሰው ናቸው። ቤልጅግ ካሉ ደግሞ መዝገቡ ይከፈታል።

አያ ዳኘው ተነሡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ውጅግራ ናት» አሉ።

አዳራሹ አጉረመረመ። ከኋላዬ ያለው የሐረር ልጅ «እንዴ! እኔ እንኳ...» ሲል ጎረቤቱ በክርኑ ጎሰመው። ድምፁን የሰማ ጎጃሜ ሁሉ ውጅግራ እንዳልነበረች ያውቃል።

«ውጅግራ?» አለ ጓድ ሣህሉ መዝገቡን እያገላበጠ። «በቀበሌያችን ውጅግራ የተባለ የለም። እርግጠኛ ነዎት?»

«እንዴታ! በሁለቱ መካከል ከአቡነ ዘበሰማያት እስከ ከማሁ በምድር...»

«ጓድ ዳኘው! በሰከንድ ይናገሩ!»

«በሰከንድ አልተማርሁትም፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«እሺ፣ የተተኮሰው ከየት ነው?»

እዚህ ላይ አያ ዳኘው ጥቂት አሰቡ። የማንንም ጎረቤት ስም መጥራት አልፈለጉም፣ የማንንም መንደር። «ከጎርጎራ» አሉ።

ጎርጎራ የጣና ሰሜን ዳርቻ ነው። ጀልባ በአንድ ቀን ደርሳ አትመለስም። ጓድ ሣህሉ እንኳ ይህን ያውቃል። «ያን ሁሉ ሐይቅ ተሻግሮ?» አለ።

«መስከረም ላይ የውኃ ነፋስ ድምፅ ተሸክሞ ይመጣል» አሉ አያ ዳኘው ላባቸው በጆሯቸው ሥር እየወረደ። «አንድም፤ ጣና ሰፊ ጋን ነውና ያስተጋባል።»

ሊቀ መንበሩ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «አብራችሁ ነው የምትሄዱት፤ አንተስ?» እኔን ሳል ያዘኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ረጅም ሳል ስዬ አላውቅም፤ አንዲት ሴት ውኃ እስከ ማምጣት ደረሰች።

ይኼኔ ሃምሳ አለቃ ቢያዝን ብድግ አሉ። አሥር ዓመት የጠበቁት ቀን በሰው ሁሉ ፊት፣ በመንግሥት ፊት፣ እጃቸው ላይ ወድቆላቸዋል። ሃምሳ አለቃም ቤልጅግን ከውጅግራ የማይለዩ ሰው አይደሉም።

«ውሸት ነው!» አሉ። «ዳኘው ተሳስቷል!»

ወይዘሮ የብርጓል አንገታቸውን ደፉ። ጓድ ሣህሉ እስክሪብቶውን አነሣ። «ይቀጥሉ፣ ጓድ ቢያዝን። ታዲያ ምን ነበረች?»

ሃምሳ አለቃ መዝገቡን አዩ፤ የሴቶቹን ወገን አዩ፤ አያ ዳኘውን አዩ። ከዚያ ደረታቸውን ነፍተው «ለበን ናት!» አሉ። «ውጅግራ ይላል እንዴ ሰው? ለበን ናት! ደግሞ ጎርጎራ አይደለም፣ እንፍራንዝ ነው!»

አያ ዳኘው ወደ እሳቸው ዞሩ። «ለበን?» አሉ ቀስ ብለው፤ ከዚያ ድምፃቸው ከፍ አለ፤ «ለበን? ጥይቷን በዚህ ዘመን ከየት አምጥተህ ነው?»

«እንፍራንዝ ሞልቷል!»

«አንተ የእንፍራንዝን ለበን መቼ ሰምተህ!»

«አንተ የጎርጎራን ውጅግራ ከሰማህ እኔ የእንፍራንዝን ለበን ምን ከለከለኝ!»

ሦስት ሩብ ሰዓት ተከራከሩ። ስለ ነፋስ ተከራከሩ፣ ስለ ባሩድ ተከራከሩ፣ ስለ ሃምሳ አለቃ አማቶች ተከራከሩ። በሐሰት ነገር ላይ እንደዚያ ከልቡ የተጣላ ሰው አይቼ አላውቅም፤ አንድ ጊዜማ ሊያያዙ ሆነው ገላጋይ ገባ። ጓድ ሣህሉ ግንባሩን ይዞ ቆየና በመጨረሻ ጠረጴዛውን መታ።

«ይበቃል! ጎርጎራም ሆነ እንፍራንዝ ጎንደር ክፍለ ሀገር ነው። እኛ ጎጃም ነን። ጉዳዩ እኛን አይመለከትም፤ ተጽፎ ይተላለፋል!» ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ስብሰባ ደህና ውሳኔ ሲወስን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ለአያ ዳኘው መራራ ነበር። እውነቱን የጠረጠረ ሰው ዝም አለ፤ ያልጠረጠረው ወጣት ሁሉ ግን መሳለቂያ አደረጋቸው። የማሽን ቀበቶ በተበጠሰ ቁጥር «አያ ዳኘው፣ ይህስ ከጎርጎራ ነው?» ይላሉ። ሊቀ ባሩድ ብሎ የሚጠራቸው ጠፋ። ብሎን ሊወስድ የሚሄድ ሰው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ብሎኑን ይዞ ይመለሳል፤ ፋብሪካው እንደዚያ ሰሞን የተፋጠነበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። እሳቸው መሳቢያ ከፍተው ይሰጣሉ፣ ያስፈርማሉ፣ ዝም ይላሉ። ጠላ ቤት ሲገቡ ጨዋታው ወደ እግር ኳስ ይዞራል።

ሃምሳ አለቃ ቢያዝን ብቻ አጠገባቸው መቀመጥ ጀመሩ። ከወዲያ በኩል «ጎርጎራ» የሚል ሳቅ በተነሣ ቁጥር ሃምሳ አለቃ ጣሳቸውን ጠረጴዛ ላይ ያጋጩና «ለበን ነበረች አልኋችሁ!» ብለው ይጮኻሉ። ሳቁ ወደ እሳቸው ይዞራል። ይህን በቀን ሦስት አራት ጊዜ ያደርጉታል።

በሁለተኛው ሳምንት እሑድ ቅዳሴ ወጥተን ከአያ ዳኘው ጋር ወደ ቤት ስናመራ ወይዘሮ የብርጓል ከአጥሩ ሥር ጠበቁን። ሊያመሰግኑ ነው ብዬ ወደ ኋላ ቀረት አልሁ። ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጀመሩ፤ ዓይናቸው ግን እሳት ነበር።

«አያ ዳኘው፣ የአዘዘን ቤልጅግ ውጅግራ አልሃት?»

«እቴ የብርጓል...»

«በሰው ፊት! አዘዘ ከልጆቹ እኩል እየወለወለ ያኖራትን መሣሪያ! ስንት ሠርግ ያደመቀች፣ አንተ ራስህ ስትተኮስ እያጨበጨብህ ‹ይቺ ናት ቤልጅግ› ያልሃትን! ከዚያች ጭሳም አሮጊት ጋር ታስተካክላት? የአዘዘ አጥንት አይወቅስህም?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል...»

«ደግሞ ጎርጎራ! እኔ ማሳዬ ላይ ቆሜ፣ ትከሻዬ እስኪበልዝ ተኩሼ፣ ያን የሚያህል ጉማሬ ውኃው ውስጥ መልሼ፣ አንተ ለጎርጎራ ሰው ትሰጠዋለህ?»

ልስቅም ላለቅስም ቃጣኝ። አያ ዳኘው አንድ ቃል ቢናገሩ ይበቃ ነበር። ስሜን ለአንቺ ስል ነው የጣልሁት ማለት ይችሉ ነበር፤ እኔ ብሆን ሳልጨምርበት አልቀርም። እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን አወለቁና እንደ ንስሐ ልጅ አንገታቸውን ሰበሩ።

«ተሳሳትሁ፣ እቴ» አሉ። «ዕድሜ ነው፤ ጆሮዬ ደከመ። አዘዘ ይማረኝ።»

ወይዘሮ የብርጓል ጥቂት ተነፈሱ። ቁጣቸው በረደ። «እግዚአብሔር ይማርህ» አሉ፤ «ሁለተኛ እንዳይለምድህ።» ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

አያ ዳኘው ባርኔጣቸውን እንደ ያዙ ቆመው ቀሩ። ያን ሽማግሌ ያን ዕለት እንዴት እንደ ወደድኋቸው! ሮጬ ጉልበታቸውን ብስም ደስ ባለኝ፤ ግን እኛ ዘንድ ወንድ እንዲህ ያለውን ነገር በአፉ አይናገርም።

«አያ ዳኘው» አልሁ በመጨረሻ፤ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር። በቆሎ የሚያጠፋ ዝንጀሮን ለማባረር የትኛዋ መሣሪያ ትሻላለች?»

ቀና ብለው አዩኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። የምቀልድባቸው መስሏቸው ፊቴን ረዘም ላለ ጊዜ መረመሩት፤ እኔም አልሳቅሁም። ከዚያ ባርኔጣቸውን አጥልቀው ክንዴን ያዙኝ።

«ዝንጀሮ» አሉ፤ «ዝንጀሮ የተማረ አውሬ ነው...»

ቤቴ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ያን ዕለት የደረስሁት ምሳ ካለፈ በኋላ ነው።